በሸራ ጀልባ ወደ ፊጂ የላው ደሴቶች፦ ከወረቀት ሥራ እስከ መንደር ስንብት ዝርዝር መመሪያ

ፊጂ በደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ የምትገኝ፣ ከ330 በላይ ደሴቶችን የያዘች አገር ስትሆን፣ የላው ደሴቶች የሚባሉት በምሥራቅ ጫፏ፣ በዋናዎቹ ደሴቶችና በቶንጋ መካከል ባለው ባሕር ላይ ተበታትነው ይገኛሉ። ቁጥራቸው ወደ 60 የሚጠጋ ሲሆን፣ ሰው በቋሚነት የሚኖርባቸው ግማሽ ያህሎቹ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ አውሮፕላን ማረፊያ የላቸውም፤ ዱቄት፣ ስኳርና ነዳጅ የምታመጣላቸው የጭነት መርከብም ቀኗን ጠብቃ የምትመጣ አይደለችም። በራሱ ባለ ሸራ ጀልባ የሚጓዝ ሰው ግን እነዚህን መንደሮች ደርሶ ማየት፣ አልፎ ተርፎም ለቀናት በእንግድነት መቀመጥ ይችላል።

ይህን ከማሰቡ በፊት አንድ ነገር ሊገባው ይገባል። ብዙ የባሕር ተጓዥ ሰው የማይታይበት ነጭ አሸዋ ሲያይ መልሕቁን ጥሎ ለመዋኘት ይቸኩላል። በላው ግን መልሕቁ የወረደበት ውሃ፣ በውስጡ ያለው ዓሣና በዳርቻው የቆመው የኮኮናት ዛፍ ሁሉ ባለቤት አላቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች በሙሉ የሚያመሩት ወደ አንድ ጉዳይ ነው፦ ሰው ግቢ ከመግባት በፊት በር ላይ ቆሞ ማስፈቀድ።

ስለ ስሞቹ አጠራር አንድ ነገር ላስቀድም። የፊጂ ቋንቋ በላቲን ፊደል ቢጻፍም አነባበቡ የራሱ ነው፤ "ቢ" ተብሎ የተጻፈው "ምብ"፣ "ዲ" "ንድ"፣ "ጂ" "ንግ" እየተባለ ይነበባል፤ "ሲ" ደግሞ በ"ዘ" እና በ"ደ" መካከል ያለ፣ ምላስ ጥርስን ነክቶ የሚያወጣው ድምፅ ነው። እኔ እዚህ የጻፍኩት እንደሚነገረው ነው። በዚህም ምክንያት እዚህ ላኬምባ፣ ካምባራ ወይም ፉላንጋ ተብለው የሚነበቡት ደሴቶች በባሕር ካርታው ላይ "ም"ም ሆነ "ን" ሳይኖራቸው ቢገኙ አንባቢው እንዳይደናገር።

ወረቀትና ወቅት

ከውጭ አገር የሚመጣ ጀልባ ፊጂ ውስጥ በመጀመሪያ ማረፍ የሚችለው መግቢያ ተብለው በተወሰኑ ወደቦች ብቻ ነው፤ ከእነዚህም ሱቫ፣ ላውቶካ፣ ሳቩሳቩና ሌቩካ ይገኙበታል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያበሳጭ ነገር አለ። ከቶንጋ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መርከበኛ የላውን ደሴቶች በዓይኑ እያየ ያልፋቸዋል፤ ነገር ግን የመግቢያ ሥርዓቱን ሳይፈጽም አንዱ ዘንድ እንኳ ማረፍ በሕግ የተከለከለ ነው። "ነፋስ አስገደደኝ" በሚል ሰበብ መልሕቅ ጥሎ ማደር ለቅጣት ይዳርጋል። ስለዚህ መጀመሪያ እስከ መግቢያው ወደብ መዝለቅ፣ ከዚያም ነፋሱን እየተጋፉ ወደ ምሥራቅ መመለስ ግድ ነው። ለዚህ መንገድ ሳቩሳቩ ከሌሎቹ ትመረጣለች፤ ከእርሷ በሰሜን ላው እስካለችው ቫኑአ ምባላቩ ደሴት ያለው ርቀት ወደ 100 የባሕር ማይል ገደማ ነው።

ከመድረስዎ ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት የመምጫ ማስታወቂያውን ቅጽ ይላኩ፤ ወደቡ ሲደርሱ የመግቢያ ፍተሻው ገና እንዳልተፈጸመ የሚያመለክተውን ቢጫ ባንዲራ ሰቅለው ባለሥልጣናቱ እስኪመጡ ድረስ ከጀልባው ሳይወርዱ ይጠብቁ። የጤና፣ የጉምሩክ፣ የኢሚግሬሽንና የዕፅዋትና የእንስሳት በሽታ ቁጥጥር ሠራተኞች ተራ በተራ ወይም በአንድነት ይመጣሉ። ትኩስ ፍራፍሬ፣ ሥጋና ማር የመሳሰለው ሊወሰድብዎ ስለሚችል ከመድረስዎ በፊት በልቶ መጨረሱ ይሻላል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ በአገሪቱ ውስጥ ለመዘዋወር የሚያስችለውን ፈቃድ፣ የነባሩን ሕዝብ ጉዳይ ከሚመለከተው የኢታውኬ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ለመንደሩ ሹም የሚታየው ይህ ወረቀት ስለሆነ፣ ከአንድ በላይ ቅጂ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይያዙ። የሚጎበኟቸውን ደሴቶች ለጉምሩክም አስቀድሞ ማስታወቅ አይዘንጋ።

ወቅቱን በተመለከተ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። የአውሎ ነፋስ ወቅት ከኅዳር አካባቢ እስከ ሚያዝያ ይዘልቃል፤ በዚያ ጊዜ ላው ውስጥ መገኘት የለብዎትም። የካቲት 2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፊጂን የመታው ዊንስተን የተባለው አውሎ ነፋስ ቫኑአ ምባላቩን ያገኛት በሙሉ ኃይሉ ነበር፤ በመላ አገሪቱ 44 ሰዎች ሞተዋል። በቀሩት ወራት ደግሞ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ይህም እርስዎ ሊሄዱበት ከሚፈልጉት አቅጣጫ ማለት ነው። ልምድ ያላቸው መርከበኞች ነፋሱ የሚደክምበትን ወይም ለአንድ ሁለት ቀን ወደ ሰሜን የሚዞርበትን ጊዜ ሳቩሳቩ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ይህ መጠበቅ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል፣ የመመለሻ ቀኑ በአውሮፕላን ቲኬት የታሰረበት ሰው ላውን ባያስብ ይመረጣል።

ምን ይሸመታል?

ከሁሉ አስቀድሞ ያንጎና፣ በሌላው ዓለም ካቫ በመባል የሚታወቀው ተክል ሥር፣ መገዛት አለበት። ያንጎና ከቁንዶ በርበሬ ጋር የሚዛመድ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ሥሩ ተወቅጦ በውሃ ተዘፍዝፎ ይጠጣል። ለመንደር እጅ መንሻ የሚሆነው ያልተወቀጠው ደረቅ ሥር ነው፤ በፕላስቲክ የታሸገው ዱቄት ለቤት መጠጫ እንጂ ለሥርዓቱ አይመጥንም። የተለመደው መጠን ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ የገበያው ሻጮችን "ለሴቩሴቩ"፣ ማለትም ለእጅ መንሻ ሥርዓቱ፣ ካሏቸው በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በሪባን አስረው ይሰጡዎታል። ለእያንዳንዱ ለሚጎበኙት መንደር አንድ እስር፣ ለስንብት ሌላ እስር፣ ካርታዎ ላይ ላላሰቡት መንደር ደግሞ ሁለት ሦስት እስር ይያዙ። የደቡብ ላው ደሴቶች አብዛኞቹ የኖራ ድንጋይ ስለሆኑ አፈራቸው ስስ ነው፤ ያንጎና እንደልብ አይበቅልባቸውም፤ በዚህም የተነሳ ከሩቅ የመጣ ጥሩ ሥር ከፍ ያለ ዋጋ ይሰጠዋል።

ከዚያ ቀጥሎ ስለ ስጦታ ያስቡ። ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይ፣ የዱቄት ወተት፣ የዓሣ መንጠቆና ክር፣ የንባብ መነጽር፣ ደብተርና እርሳስ፣ ገመድ፣ ለእንጨት ቀራጮች ብርጭቆ ወረቀት፦ እነዚህ ሁሉ ይጠቅማሉ። መጠጥ ግን አይስጡ። ለልጆች በባሕሩ ዳርቻ ከረሜላ መበተንንም እቃወማለሁ፤ ጥርስ ሐኪም በሌለበት ደሴት ላይ ስኳር መርጨት ደግነት አይደለም፤ ልጆቹንም ጀልባ በመጣ ቁጥር እጅ እንዲዘረጉ ያለማምዳል። የትምህርት ቁሳቁስ ለርዕሰ መምህሩ፣ ሌላው ደግሞ በሹሙ ወይም በሚያስተናግድዎ ቤተሰብ በኩል ቢሰጥ ይሻላል።

ውሃ ሙሉ አድርገው ይሂዱ። በእነዚያ የኖራ ድንጋይ ደሴቶች ወንዝ የለም፤ መንደሩ የሚጠጣው ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው፤ ስለዚህ የጀልባን ማጠራቀሚያ ለመሙላት መጠየቅ ከሰው አፍ መንጠቅ ይሆናል።

ሪፉን ማለፍ

መንገድዎን በመሣሪያ ላይ ሲያሰምሩ አንድ ወጥመድ አለ። ሳቩሳቩ ከ180ኛው ኬንትሮስ በስተምዕራብ ስለምትገኝ አድራሻዋ "ምሥራቅ" ተብሎ ይመዘገባል፤ የላው ደሴቶች መስመሩን አልፈው ስለሚገኙ "ምዕራብ" ናቸው። 178 ዲግሪ ብሎ ጽፎ አቅጣጫውን መሳሳት የማያውቁት ባሕር ላይ ይጥላል፤ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞችም መስመሩን ሲሻገሩ መንገዱን በዓለም ዙሪያ ያዞሩታል። ሰዓቱና ቀኑ ግን አይለወጥም፤ የቀን መለወጫው መስመር ፊጂን እንዳይከፍል ተብሎ ወደ ምሥራቅ እንዲጠመዘዝ ተደርጓልና።

በላው የኤሌክትሮኒክ ካርታዎችን ማመን አደገኛ ነው። በሥዕሉ ላይ ያለው የኮራል ሪፍ፣ ማለትም ደሴቶቹን እንደ አጥር የሚከብበው የባሕር ውስጥ ድንጋይ፣ በእውን ካለበት ቦታ ሊዛነፍ፣ አንዳንዱም ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ኢንተርኔት ባለበት ወደብ እያሉ የሳተላይት ምስሎችን ወደ መሣሪያዎ አውርደው ከካርታው ጋር ያስተያዩ። ከዚያ በኋላ ዋናው መሣሪያ ዓይን ነው። ወደ ሪፍ መግቢያ የሚቀርቡት ፀሐይ ከፍ ብላና ከጀርባዎ ሆና ሳለች፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። ፀሐይ ፊት ለፊት ከሆነች ወይም ሰማዩ ከደመነ ውሃው እንደ መስታወት ያንጸባርቃል እንጂ ውስጡን አያሳይም። አንድ ሰው ነጸብራቅ የሚቀንስ መነጽር አድርጎ ከጀልባው አፍንጫ ላይ ይቁም፤ ምሰሶው መወጣጫ ካለው ደግሞ ከፍ ብሎ ማየቱ የተሻለ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ጥልቅ ውሃ ነው፤ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴማ ሰማያዊ ጥልቀት የሌለው አሸዋ ነው፤ ቡናማና ቢጫማ የሚመስለው ደግሞ ወደ ላይ የቀረበ ኮራል ስለሆነ ከእርሱ ይሽሹ።

የውሃውን ፍሰት በተመለከተ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት የሚያሳየው ሰንጠረዥ ብቻውን አይበቃም። ፉላንጋን ለምሳሌ እንውሰድ፦ ደሴቲቱ በውስጧ ሰፊ ላጉን፣ ማለትም ከውጭው ባሕር በሪፍ የተከለለ ውሃ፣ ይዛለች፤ ወደዚያ የሚያስገባው በር ጠባብ ነው። የደቡብ ምሥራቁ ማዕበል ሌት ተቀን በሪፉ ላይ እየዘለለ ውሃ ወደ ውስጥ ይጨምራል፤ ይህ ሁሉ ውሃ የሚወጣው በዚያችው ጠባብ በር ስለሆነ፣ ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት እንኳ ፍሰቱ ወደ ውጭ ሊሆን ይችላል። ነፋስ ከበረታ ፍሰቱም ይበረታል። ስለዚህ ከበሩ ፊት ለፊት በቂ ርቀት ላይ ቆመው ውሃውን ይመልከቱ፤ የሚፈላ ከመሰለ ሌላ ሰዓት ይጠብቁ። ጊዜው ቢያልፍብዎ ውጭ ማደር ወይም ወደ ሌላ ደሴት መዞር እንጂ፣ "እስከዚህ መጥቼ" ብሎ መግባት የለም።

ውስጥ ሲገቡ መልሕቅዎን በአሸዋ ላይ ብቻ ይጣሉ። ሰንሰለቱ በኮራል ጉብታዎች ላይ እንዳይጠመጠም በየተወሰነ ርቀቱ ተንሳፋፊ ኳስ ማሰር ጥሩ ዘዴ ነው። ሰንሰለት የፈጨው ኮራል የመንደሩ ዓሣ የሚራባበት ቤት መሆኑን ያስቡ።

እጅ መንሻ፦ የሴቩሴቩ ሥርዓት

መልሕቅ እንደያዘ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። ከዚህ በፊት አይዋኙ፣ ዓሣ አያጥምዱ፣ በዳርቻው አይንሸራሸሩ፣ ድሮን አያስነሡ። ከሰዓት በኋላ ዘግይተው ከደረሱ ጀልባዎ ላይ አድረው ጠዋት ይሂዱ። እሑድ ከደረሱ ደግሞ እስከ ሰኞ ቢቆዩ ይሻላል፤ መንደሩ ጠርቶዎ ካልሆነ በስተቀር። ከጀልባው ውስጥ የታመመ፣ የሚያስል ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ካለ ማንም ወደ መንደር አይውጣ። ይህን የምለው ከልክ ባለፈ ጥንቃቄ አይደለም፤ በ1875 ዲዶ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ የገባው ኩፍኝ ወደ 40,000 የሚገመቱ የፊጂ ሰዎችን ፈጅቷል፤ ዛሬም ቢሆን ለብዙዎቹ ደሴቶች ሐኪም ቤት ማለት የአንድ ቀን የጀልባ መንገድ ነው።

አለባበስ ቀላል ነገር አይደለም። ወንዱም ሴቷም ትከሻና ጉልበት ይሸፍኑ፤ ሱሉ የተባለው ወገብ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ለሁለቱም ይስማማል። ኮፍያና የፀሐይ መነጽር መንደሩ ከመግባትዎ በፊት ይውለቁ፤ ቦርሳ በትከሻ ሳይሆን በእጅ ይያዝ። ዳርቻው ላይ ላገኙት ሰው ሁሉ "ምቡላ" ብለው ሰላምታ ይስጡና ቱራንጋ ኒ ኮሮን እንደሚፈልጉ ይንገሩ። ይህ ሰው የመንደሩን የዕለት ጉዳይ የሚያስተባብር ተመራጭ ሹም ሲሆን፣ በትውልድ ከሚወረሰው ባላባት የተለየ ነው። ወደ ባላባቱ የሚያደርስዎ፣ ብዙ ጊዜም ስለ እርስዎ የሚናገርልዎ እርሱ ወይም ማታኒቫኑአ የሚባለው አፈ ጉባኤ ነው።

ቤት ሲገቡ ጫማ ያውልቁ፤ ምንጣፉ ላይ በተመለከተልዎ ቦታ እግር አጣጥፈው ይቀመጡ። እግርዎን ወደ ታኖአው፣ ማለትም ያንጎና ወደሚበጠበጥበት ትልቁ የእንጨት ገበታ፣ አይዘርጉ። የያንጎናውን እስር በባላባቱ እጅ ላይ ማኖር የለብዎትም፤ ፊቱ ምንጣፉ ላይ ያስቀምጡታል ወይም ለአፈ ጉባኤዎ ይሰጣሉ። እርሱም በፊጂ ቋንቋ ማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡና ምን እንደሚለምኑ ረጋ ባለ ድምፅ ይናገራል፤ ሌሎቹ በተወሰነ ምት በእጃቸው ያጨበጭባሉ። ባላባቱ እስሩን ከነካና መልስ ከሰጠ ልመናዎ ተቀባይነት አግኝቷል ማለት ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ መንደሩ እንደ እንግዳው ይቆጥርዎታል፤ ለደኅንነትዎም ኃላፊነት ይወስዳል። ይህን እንደ መግቢያ ክፍያ የሚመለከቱ ተጓዦች አሉ፤ እኔ እስከሚገባኝ ተሳስተዋል። ክፍያ ከሆነ በገንዘብ የሚጠይቁ መንደሮች አሉ፤ እርሱ ለማኅበሩ ሣጥን የሚውል ሌላ ነገር ነው፤ ተጠይቀው ሲከፍሉ የእጅ መንሻውን አይተካም።

አንዳንዴ ሥርዓቱ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ አንዳንዴ ያንጎናው እዚያው ተዘጋጅቶ ይቀርባል። ምቢሎው፣ ማለትም ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራው ጽዋ፣ ሲደርስዎ መዳፍዎን ጎድጎድ አድርገው አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ "ምቡላ" ይበሉ፤ ሳያቋርጡ ጨልጠው ጽዋውን ይመልሱ፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ ያጨብጭቡ። ጣዕሙ መሬት መሬት ይላል፤ ምላስና ከንፈር ትንሽ ይደነዝዛል፤ ሲደጋገም ሰውነት ይፈታል፣ እንቅልፍም ይመጣል። ጥቂት እንዲቀዳልዎ መጠየቅ ነውር የለውም። የጉበት ሕመም ያለበት ወይም የሚያደነዝዝ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ በትሕትና ቢያሳውቅ ማንም አያስገድደውም። በማንኛውም ሁኔታ ከአልኮል ጋር አይቀላቅሉት።

እንግድነት

በፉላንጋ እያንዳንዱን ጀልባ የሚያስተናግድ አንድ ቤተሰብ ይመደባል። ይህ ቤተሰብ ምግቡን ያካፍልዎታል፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስድዎታል፣ ዓሣ ማጥመጃ ቦታ ያሳይዎታል። በበኩልዎ የጀልባዎን ጓዳ ይክፈቱላቸው፤ ምሳ ይጋብዟቸው፤ የተበላሸ ሞተር ወይም የሶላር ገመድ ካላቸውና ከቻሉ ይጠግኑላቸው። እዚህ ላይ ኬሬኬሬ የተባለውን ልማድ ማወቅ ይጠቅማል፦ ዘመድ ከዘመድ የቸገረውን ይጠይቃል፤ የተጠየቀውም ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ገመድ ወይም ነዳጅ ቢጠይቅዎ ልመና አይምሰልዎ፤ የሌለዎትን ወይም የማይተርፍዎትን ግን በለዘበ ቃል "አልችልም" ማለት ይቻላል። በተቃራኒው የቤታቸውን ዕቃ አብዝተው አያድንቁ፤ አንሥተው ሊሰጡዎት ይችላሉ።

የሰው ራስ አይንኩ፤ የሕፃን ቢሆንም። በተቀመጡ ሰዎች መካከል ሲያልፉ ጎንበስ ብለው "ቱሎ" ይበሉ፤ ይቅርታ እንደማለት ነው። በመንደር መካከል በጩኸት አይጣሩ።

እሑድ የተለየ ቀን ነው። የሜቶዲስት ሚስዮናውያን ከቶንጋ ተነሥተው ፊጂን የረገጡት በ1835 ላኬምባ ላይ ነበር፤ እምነቱም በላው ሥር ሰድዷል። በዚያ ቀን ሥራ፣ ዋና፣ ዓሣ ማጥመድና ልብስ ማጠብ የለም፤ በጀልባዎ ላይ እንኳ መዶሻ አያሰሙ። ቤተ ክርስቲያን ቢሄዱ ደስ ይላቸዋል፤ መዝሙሩም ብቻውን መንገዱን ያህል ዋጋ አለው። ከዚያ በኋላ ከሎቮ፣ ማለትም ከመሬት ውስጥ ምድጃ፣ የወጣ ምግብ ሊጋበዙ ይችላሉ።

ዓሣ ለማጥመድና ለመጥለቅ በየት እንደሚፈቀድ ለይተው ይጠይቁ። የመንደሩ የዓሣ ክልል ንጎሊንጎሊ ይባላል፤ ከእርሱም ውስጥ ዓሣው እንዲራባ ታምቡ ተብሎ ለጊዜው የተዘጋ ቦታ ሊኖር ይችላል። የሪፍ ዓሣ ከመብላትዎ በፊት ለአጥማጆቹ ያሳዩ፤ ሲጓቴራ የተባለው መርዝ በማብሰል አይጠፋም፤ የትኛው ዓሣ ከየትኛው ሪፍ እንደሚጎዳ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ወድቆ ያገኙትንም ኮኮናት ቢሆን ጠይቀው ይውሰዱ።

የእጅ ሥራ መግዛት ለመንደሩ ገንዘብ ከሚያስገኙ ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው። ካምባራና ፉላንጋ ቬሲ ከተባለው ጠንካራ እንጨት በሚቀረጹ ታኖአዎችና ሌሎች ዕቃዎች ይታወቃሉ። ዋጋ ላይ አጥብቀው አይከራከሩ፤ በገንዘብ ፋንታ ዕቃ የሚመርጥ ቀራጭም ስላለ ምን እንደሚሻ ይጠይቁት። እንጨት ይዘው ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ ከሆነ የሚገቡበት አገር የቁጥጥር ሕግ እንደሚፈቅድ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ስንብት

ሲገቡ እንዳስፈቀዱ ሁሉ ሲወጡም ይሰናበታሉ። ይህ ኢ ታታው ይባላል፤ ለዚህም ነው አንድ እስር ያንጎና አስቀርተው እንዲይዙ ከላይ የመከርኩት። ከመነሣትዎ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመው ለሹሙና ለአስተናጋጅ ቤተሰብዎ ይንገሩ፤ ሳይነግሩ ጎሕ ሲቀድ መልሕቅ ስቦ መጥፋት ከሁሉ የከፋ ጥፋት ተደርጎ ይቆጠራል። ፎቶ ያነሷቸው ሰዎች ካሉ፣ ትንሽ ማተሚያ ጀልባዎ ላይ ካለዎት ከመሄድዎ በፊት አትመው ይስጧቸው፤ ከሌለዎት ወደዚያ ለሚሄድ ቀጣይ ጀልባ አደራ ይስጡ።

ቆሻሻዎን፣ በተለይ ፕላስቲክ፣ ጣሳና ባትሪ፣ ይዘው ይመለሱ፤ ደሴቲቱ የምትጥልበት ቦታ የላትም። ላኪ ካለ ደብዳቤና ዕቃም ተቀብለው ይጫኑ፤ ሱቫ ወይም ሳቩሳቩ ያለ ዘመድ ወደብ ድረስ መጥቶ ይረከብዎታል። ለመውጣትም እንደ መግባቱ ሁሉ የበሩን ውሃ ከሩቅ አይተው፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ይነሡ፤ ሲገቡ በመሣሪያዎ ላይ የተመዘገበው መስመር ካለ እርሱኑ ተከትለው ይውጡ።